ሊቀ ክኒናት አያ አንሙት

ሐኪም የሌለበት ቀበሌ ብዙ አይቻለሁ፤ ክኒን አዳይ የሌለበት ሰፈር ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ክኒን አዳይ ማለት እናንተ ገና ስታስነጥሱ እሱ እጁን ኪሱ የሚከት ሰው ነው። ያወጣትን በጣቱ ጠረግ ጠረግ አድርጎ "ይችን ዋጥ አድርግ፤ ለእኔ ሠርታልኛለች" ይላችኋል። ምን እንደሆነች ብትጠይቁት አያውቅም። ለየትኛው ሕመም እንደሠራችለትም ረስቶታል። መሥራቷን ብቻ ነው የሚያስታውሰው።

አንድ ቀን ከጉንደ ወይን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚኒባስ ስመጣ ሳል ያዘኝ። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ግማሽ ክኒን አቀበሉኝ።

"እናቴ፣ እኔ እኮ ነርስ ነኝ" አልኳቸው።

"ታዲያስ፣ ነርስ አይታመምም?" አሉኝ።

ሌላውን ግማሽ ማን እንደዋጠው ሳሰላስል ማርቆስ ደረስን። አከራዬ እትየ የብርጓል ደግሞ ላማቸው አልበላም ስትል ለራሳቸው የታዘዘውን የጨጓራ ሽሮፕ ከአተላ ጋር ደባልቀው አጠጧት። ላሟ በላች። ከዚያ ወዲህ እትየ የብርጓል ፊት ስለ ሕክምና አፌን አልከፍትም።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ የሚቀመጡት ግን ክቡር ሊቀ ክኒናት ወመጋቤ ሽሮፕ አያ አንሙት ናቸው። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ለስድብ ብዬ ነበር፣ እሳቸው ግን ደስ ብሏቸው ተቀበሉት። አያ አንሙት የደብረ ኤልያስ ገበሬ ናቸው። አሁን የሚኖሩት እኔ በነርስነት በምሠራበት፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ማረሚያ ቤት ውስጥ ነው። የገቡት በድንበር ጠብ የጎረቤታቸውን ክንድ በዱላ ሰብረው ነው። እንደ እርስዎ ያለ አዛኝ ሰው እንዴት የሰው ክንድ ይሰብራል ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

"ተጠግኗል እኮ" አሉኝ ቅር ብሏቸው። "ወጌሻውን ያስመጣሁለት እኔው ነኝ።"

ያን ቀን ግራ ገባኝ፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። በሥራ ምደባ ጎጃም ስመጣ ግራ የሚያጋባኝ ቅኔው ይመስለኝ ነበር፤ አያ አንሙት ሆኑ።

ክሊኒካችን ሁለት ክፍል ናት። ጠዋት ጠዋት በሯ ላይ እከክ፣ ጨጓራ፣ ጥርስ፣ ወገብና ስኳር ይሰለፋሉ። አንዳንዱ ታራሚ ደግሞ "እዚህ ጋ ይይዘኛል" ብሎ ደረቱን ያሳየኛል። ባዳምጠውም ምንም አላገኝበትም። ቆይቼ ሳጣራ ጠያቂ ከመጣለት ዓመት አልፎታል። ለዚህ የሚሆን ነገር መደርደሪያዬ ላይ የለም። ሆስፒታል የሚላክ ሲኖር መኪና ይፈለጋል፤ መኪናው ሲገኝ አጃቢ ፖሊስ ይጠፋል፤ ፖሊሱ ሲገኝ ቀጠሮው አልፏል። አያ አንሙት ድርጅታቸውን የከፈቱት በዚህ ክፍተት መሀል ነው።

ድርጅቱ አንድ የቅባት ዕቃ ነው። የተፈታ ታራሚ ሁሉ ትቶት የሄደው ክኒን እዚያ ውስጥ ይገባል። አደረጃጀቱ በመልክ ነው። ነጩ ለራስ፣ ቢጫው ለሆድ፣ ቀዩ ለደም። ባለ ሁለት መልኩ ሁለት በሽታ ለያዘው ሰው ይቀመጣል። የአንዷን ስም ስጠይቃቸው "ስሟ ምን ያደርግልኛል፣ ሥራዋን አውቀዋለሁ" ይላሉ። እከክ ያስቸገረውን አንድ ታራሚ የጨጓራ ሽሮፕ ከአንገቱ እስከ እግሩ ቀብተውት ተገኝተዋል። እከኩ አልለቀቀውም፤ ሰውየው ግን ነጣ። በር የሚጠብቀው ፖሊስ እንኳ ጥርሱን ሲያመው ወደ እኔ አልመጣም፤ በመስኮቱ እጁን ለአያ አንሙት ዘረጋ።

ዕቃውን ስንት ጊዜ እንደወረስኩት አላስታውስም። በሳምንቱ ሌላ ዕቃ ይኖራል። ስቆጣቸው አንገታቸውን ደፍተው እስክጨርስ ያዳምጡኛል። ከዚያ "ድምፅሽ ሰልሏል ሲስተር፣ ጉሮሮሽን ሳያምሽ አልቀረም" ይሉና እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ይሰዳሉ።

ይባስ ብሎ የክፍላቸው ተጠሪ ናቸው። ክፍሉ የመረጣቸው ስለሚያካፍሉ ነው። ከውጭ የገባ ነገር ሁሉ፣ የአንዱ እናት ያመጣችው ቆሎም ሆነ የሌላው ወንድም ያመጣው ሳሙና፣ መጀመሪያ እሳቸው ፊት ይቀርባል። ጠያቂ ላለውም ለሌለውም እኩል ይደርሰዋል። ሲያካፍሉ "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" ይላሉ፤ እንደ ጸሎት ነው የሚሉት።

ድረስ የሚባል ታራሚ የተመደበው እዚህ ክፍል ነው። ድረስ ጉንደ ወይን መንገድ ዳር ጎማ ሲጠግን የኖረ፣ አርባ ዓመት የሚጠጋው ዝምተኛ ሰው ነው። የሚጥል በሽታ አለበት። ገና በገባ ሰሞን ምሳ ላይ ወደቀ፤ ትሪው ተገለበጠ፤ ሰውየው አረፋ ደፈቀ። ይህ በሽታ በአረፋው ይጋባል የሚል ወሬ በአገሩ ሁሉ አለ። ክፍሉ በሙሉ ተነሥቶ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። አያ አንሙት ብቻ ቀርበው በጎኑ አስተኙትና በጋቢያቸው አፉን ጠረጉለት። ይህን የነገረኝ ፖሊሱ ነው።

ሆስፒታል ወስደነው፣ ማታ ማታ ሲተኛ የሚዋጥ ሦስት ሦስት ክኒን ታዘዘለት። መድኃኒቱ እንቅልፍ ያመጣል። ክሊኒኩ ደግሞ በሥራ መውጫ ሰዓት ይዘጋል። በደንቡ መሠረት እንዲህ ያለውን መድኃኒት የሳምንት የሳምንት አድርጌ ለክፍሉ ተጠሪ አስረክባለሁ። አዎ፣ ለአያ አንሙት።

"ይህ የድረስ ነው፤ እዚያ ዕቃ ውስጥ እንዳይገባ" አልኳቸው።

"ማርያምን አይገባም" አሉኝ።

ቃላቸውን ጠብቀዋል። ዕቃው ውስጥ አልገባም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማንም ሳስረዳ እኔው እምታታለሁ። ድረስ መድኃኒት ተሰጥቶትም መውደቁን አላቆመም። ድረስ ሲወድቅ የቀረው ክፍል መተኛት ጀመረ። ጠዋት በቆጠራ ላይ ከአያ አንሙት ክፍል ሁለት ሰዎች ቆመው ያንቀላፋሉ። በማግስቱ እነዚያ ነቅተው ከእነሱ ቀጥለው የሚተኙት ሁለቱ ይፈዛሉ። ከዚያ ደግሞ ቀጣዮቹ። እንቅልፉ ከበሩ ተነሥቶ ፍራሽ በፍራሽ ወደ ጥጉ ይሄዳል። ጥጉ ሲደርስ ተመልሶ ከበሩ ይጀምራል።

እንዲህ ያለ በሽታ ትምህርት ቤት አልተማርኩም። ከአንዱ ሰው ወደ አጠገቡ ሰው የሚሻገር ከሆነ ቅማል የሚያመጣው ተስቦ መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩ። ትኩሳት የላቸውም። ቅማልም አላገኘሁባቸውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ግድግዳዬ ላይ የሙያ ፈቃድ ወረቀት ሰቅያለሁ። ብርድ ልብሱ ሁሉ ተቀቀለ። ክፍሉ በሙሉ ራሱን ተላጨ። አያ አንሙት ሥራውን በትጋት አስተባበሩልኝ። የተላጩት ሰዎች በየተራቸው ማንቀላፋታቸውን ቀጠሉ።

በዚህ መሀል ድረስ ወድቆ የፊት ጥርሱን ሰበረ። አስተዳደሩ ተሰበሰበ። ከክሊኒኩ ጀርባ ያለችው የዕቃ ማከማቻ ተጠርጋ ድረስ ለብቻው ይግባባት ተባለ። ለደኅንነቱ ነው አሉ። ማከማቻዋ መስኮት የላትም። ማታ እዚያ ውስጥ ቢወድቅ በሩ ጠዋት እስኪከፈት የሚያየው የለም። እስከ ወሩ መጨረሻ መውደቁ ካልቀነሰ ይዛወራል ብለው ወሰኑ፤ ለድረስ የመንገሩ ዕጣ ለእኔ ደረሰኝ።

የተሰበረውን ጥርሱን በጣቱ ነካ። "ጥርሴ እኮ አላመመኝም ሲስተር" አለኝ። "መውደቁም እንደ ድሮው አይደለም። እዚያ አታስገቡኝ።"

"መድኃኒቱን በሥርዓት ትወስዳለህ?"

"እወስዳለሁ" አለ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም።

እንቆቅልሹን የፈታልኝ ዘመነ ነው። ዘመነ የዚያው ክፍል ሰው ነው፤ ማጉረምረም ይወዳል፤ ሲያጉረመርም ድምፁ ግቢውን ይሞላል። አንድ ጠዋት እየተንገዳገደ ክሊኒክ መጣ። ለምርመራ ደም ልቀዳለት መርፌ ሳዘጋጅ አየና ፈራ።

"ተይኝ ሲስተር፣ እስከ ቀትር ይለቀኛል። ትናንት ተራዬ ስለነበር ነው።"

"የምን ተራ?"

"የክኒኑ ነዋ" አለና አፉን በእጁ ያዘ።

መርፌውን አስቀምጬ ወደ ክፍሉ ገሰገስኩ። አያ አንሙት ፍራሻቸው ላይ ተቀምጠው የአንዱን ታራሚ ሸሚዝ ይጥፋሉ። ድረስ ከጎናቸው ክር ይዞላቸዋል።

"አያ አንሙት፣ የድረስን መድኃኒት ለማን ነው የሚሰጡት?"

"ለሁሉም" አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ጥፋተኛነት ብፈልግ ትንሽ ኩራት አገኘሁ። "አንዷ ለድረስ፣ ሁለቷ በተራ። ማንም አልተበደለም። እኔም ተራዬ ሲደርስ እውጣለሁ። ጠንካራ ናት፤ እስከ ረፋድ ታንጎላጃለች።"

"ያልታመመ ሰው ለምን ይውጣል?"

"እንዳይታመም ነዋ።" ሸሚዙን አስቀመጡት። "አንች አላየሽም እታለም። ያን ቀን ከወደቀ በኋላ ፍራሹን ሽንት ቤቱ በር ላይ ገፉበት። ምግቡን በፌስታል አድርገው በሩቁ ወረወሩለት። አንድ ትሪ አንቀርብም አሉ። አትፍሩት ብዬ ለመንኩ፤ ማን ሰምቶኝ? ኋላ አንች መድኃኒቱን ስታመጭልኝ አሰብኩ። የሱን መድኃኒት ከዋጥን በሽታው በየት በኩል ይገባብናል? ከበሩ ጀምሬ አዳረስኩ። ሁሉም ሲደርሰው ፍራሹ ወደ ቦታው ተመለሰ። ይኸው አብረን እንበላለን።"

 ወደ ድረስ ዞርኩ።

"አንተ ይህን ታውቅ ነበር?"

"አውቃለሁ" አለኝ ክሩን እየጠቀለለ። "ክኒኑን ብቻየን ውጨ ብቻየን ከምበላ፣ ተካፍየ ብወድቅ ይሻለኛል። አሁን ስወድቅ እኮ የሚይዘኝ ሰው አለ።"

ቁጣዬን ከየት እንደምቀጥለው ጠፋኝ። ተቀምጬ ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። መድኃኒቱ ሙሉውን ካልተወሰደ በሽታውን እንደማይዘው፣ ድረስ እስካሁን የሚወድቀው አንድ አንድ ብቻ ስለሚውጥ እንደሆነ፣ ወሩ ካለቀ ደግሞ ማከማቻዋ እንደምትጠብቀው ነገርኳቸው። ማከማቻዋን አያ አንሙት አልሰሙም ነበር። ድረስ ደብቋቸዋል።

"እንግዲያው ጥርሱን የሰበርኩት እኔ ነኛ?" አሉኝ።

አይደለም ልላቸው ፈልጌ አልቻልኩም። አያ አንሙት እጃቸውን እንደ ልማዳቸው ወደ ኪሳቸው ከተቱ፤ ባዶውን መለሱት። ሳውቃቸው ምንም ለመስጠት ያጡበት ቀን ያ ብቻ ነው። አሳዘኑኝ፤ ተናድጄባቸውም ነበር፤ የትኛው እንደሚቀድም አላወቅኩም።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ክፍሉን ሰብስቤ አስተማርኩ። የአንጎል ሥዕል ይዤ ሄድኩ። አረፋው ምራቅ እንደሆነ፣ በሽታው በትንፋሽም በማዕድም እንደማይጋባ፣ መድኃኒቱም ለድረስ ብቻ እንደሆነ ተናገርኩ። በጨዋነት አዳመጡኝ። ካልታዘልኩ አላምን እንዳለችው ሙሽራ ግን አንዳቸውም ፊት ላይ እምነት አላየሁም። ስጨርስ ዘመነ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እንዲያ ከሆነ ክኒኑም የሱ፣ ትሪውም የሱ ይሁን" አለ።

ከወዲያ ከወዲህ "እውነቱን ነው" የሚል ጉርምርምታ ተሰማ። አንዱ በእግሩ የድረስን ፍራሽ ገፋ አደረገ። ድረስ የጀመረውን ዳቦ ትሪው ላይ አስቀምጦ ተነሣና ፍራሹን መጠቅለል ጀመረ። የሥዕሉን ወረቀት ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ክኒኑን ላስመልስለት ብዬ ማዕዱን እንዳስወሰድኩበት ያን ጊዜ ገባኝ።

አያ አንሙት ብድግ አሉ።

"ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መድኃኒት ሳትጨርሱ አታቋርጡ ስትይን አይደል የኖርሽ?"

"ነው" አልኩ፤ ወዴት እንደሚሄዱ አላወቅኩም።

"ታዲያ ይህ ክፍል ከበሩ እስከ ጥጉ ሲውጥ ከረመ። ዘመነ፣ አልደረሰህም?"

"ደርሶኛል።"

"ሁለት ጊዜ ነው የደረሰህ፤ ጠዋት አልነሣ ብለህ ውኃ ያፈሰስኩብህ እኔ ነኝ። እንግዲህ እኛ ጨርሰናል። የጨረሰን ሰው በሽታ አይዘውም። ድረስ ግን ታማሚው እሱ ስለሆነ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ የቀረውን እሱ ይውጥ።" ጎንበስ ብለው ድረስ ገምጦ ያስቀመጠውን ዳቦ አነሡ፤ በተገመጠበት በኩል ገመጡት፤ እያኘኩ ወደ እኔ ዞሩ። "ከእንግዲህ ይይዘናል ሲስተር? አንች ተምረሻል፣ ተናገሪ እስቲ።"

የተላጨ ራስ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የድረስ እጅ የተጠቀለለው ፍራሽ ላይ ቆሟል። የሰው መድኃኒት በመዋጥ በሽታ መከላከል የሚባል ነገር እንደሌለ መናገር ሙያዬ ነው። የጠየቁኝ ግን እሱን አይደለም። ይይዘናል ወይ ነው ያሉኝ። አይዛቸውም። ክኒን ቢውጡም ባይውጡም ትናንትም አይዛቸውም ነበር፤ ነገም አይዛቸውም።

"አይዛችሁም" አልኩ።

ነርስ ከሆንኩ ጀምሮ እንደዚያ ጥርት ያለ እውነት ተናግሬ አላውቅም። እንደዚያም የዋሸሁ መስሎኝ አያውቅም። ዘመነ ወደ ትሪው ተጠጋና ለድረስ ቦታ ለቀቀለት።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ አያ አንሙት ሦስቱንም ክኒን ለድረስ በሰው ፊት ይሰጡታል። "ዋጠ?" ይላሉ። "ዋጠ" ይላል ክፍሉ በአንድ ድምፅ። ድረስ በዚያ ሰሞን አንዴ ወደቀ፤ ዘመነ ያዘው። ከዚያ በኋላ አልወደቀም። ወሩ አለቀ፤ ማከማቻዋ መጥረጊያና ባልዲዋን እንደያዘች ቀረች። ቆጠራ ላይ የሚያንቀላፋ ጠፋ። ጸጉራቸውም አደገ።

አያ አንሙትን መቆጣት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ አሁንም የቅባት ዕቃቸውን እወርሳለሁ። እንደምወዳቸውም አውቃለሁ። ረፍት ወጥቼ ደሴ ስሄድ እናፍቃቸዋለሁ። ቁጣውና ፍቅሩ እንዴት አንድ ላይ እንደሚቀመጡ ግን እስካሁን አልገባኝም።

ባለፈው ሳምንት ደመላሽ የሚባል የባጃጅ ሾፌር ታስሮ ገባ፤ የተመደበው አያ አንሙት ክፍል ነው። በማግስቱ ምሳ ሲቃረብ ክሊኒክ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

"ምንህን አመመህ?" አልኩት።

"ደኅና ነኝ። አያ አንሙት ናቸው የላኩኝ። እዚያ ያለው ሰውየ የሚጥል በሽታ አለበት አሉ። ክፍሉ ሁሉ መድኃኒቱን ጨርሷል፣ አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው፤ ሂድና ሲስተር ትስጥህ አሉኝ።"

አስቀመጥኩት። የአንጎሉን ሥዕል አወረድኩ። አረፋው ምራቅ እንደሆነ፣ በሽታው እንደማይጋባ፣ ያልታመመ ሰው መድኃኒት እንደማያስፈልገው፣ ከወትሮው ረዘም አድርጌ አስረዳሁት። በየመሀሉ ራሱን ይነቀንቃል። ጥያቄ እንዳለው ጠየቅኩት።

"የለኝም፤ ገብቶኛል ሲስተር" አለና መዳፉን ዘረጋ።

መዳፉን አየሁ። በመስኮቱ ወደ ግቢው አየሁ። የምሳ ትሪ እየገባ ነው፤ ድረስ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ አዲሱን ሰው ይጠብቃል። ከመደርደሪያው አንዲት ቫይታሚን አንሥቼ መዳፉ ላይ አኖርኩለት።

"ምንድን ናት?" አለኝ።

"ዋጥ አድርጋት" አልኩት። "ለእኔ ሠርታልኛለች።"